ደቦ በየትኛው ዓምድ ይገባል

ኤፕሪል 8

ኡላንቤክ የታሽ-ቡላክን ጤና ኬላ ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። ወረቀቱን ማለቴ ነው፤ ኬላው ገና የለም። "ኤጄ፣ ይህን ከእርስዎ በቀር የሚጨርሰው የለም" አለኝ። አለቃዬ ነው፣ በዕድሜ ግን ልጄ ሊሆን ምንም አልቀረው፤ አንድ ነገር ሲፈልግ "ኤጄ"፣ ታላቅ እህቴ፣ የሚልበት ድምፅ ቅጥን ይላል። ናሪን ከተማ ውስጥ የግንባታ ወጪ ስገምት ጸጉሬ ሸብቷል። ሙገሳው አልሞቀኝም አልበረደኝም።

አንድ ማዋለጃ፣ አንድ መርፌ ክፍል፣ የአዋላጇ ማደሪያ። ትንሽ ሥራ ናት። ገንዘቡን የሚሰጠው ከዋና ከተማ ያለ አንድ ፈንድ ነው።

ልጄ ቱማር እዚያ መንደር እንዳገባች ለኡላንቤክ አልነገርኩትም። ኖቬምበር መጨረሻ ላይ እንደምትወልድም አልነገርኩትም። ከሥራው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ኤፕሪል 11

የፈንዱን መመሪያ አነበብኩ። ዱሮ የግምት ሰነድ አሥራ ሁለት ምዕራፍ ነበረው፤ እያንዳንዱ ወጪ ቤቱን ያውቅ ነበር። አሁን ሁለት ዓምድ ብቻ ሆኗል፦ ጠንካራ ወጪና ለስላሳ ወጪ። ለስላሳው ከጠቅላላው ዋጋ ከአሥር በመቶ መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ሰነዱ ይመለሳል።

ኡላንቤክ ለስላሳ ማለት ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ሳላስብ "ቢወድቅብህ የማያምህ" አልኩት። ብሎኬት፣ ፌሮ፣ አርማታ፣ ቆርቆሮ፣ የግንበኛው ጉልበት፣ እነዚህ ጠንካራ ናቸው። ንድፍ፣ የአፈር ምርመራ፣ ፈቃድ፣ መድን፣ ቁጥጥር፣ የእኔ የግምት ክፍያ ደግሞ ለስላሳ። ሳቀና ወደ ክፍሉ ገባ።

ቤት ከገባሁ በኋላ ግን አልዋጥልሽ አለኝ። አርማታው እስኪደርቅ አቅፎ የሚይዘው ጣውላ ተነቅሎ ይሄዳል፣ ህንፃው ውስጥ አይቀርም፤ ሆኖም ጠንካራ ነው። የአፈር ምርመራም ተሠርቶ ይሄዳል፤ እሱ ግን ለስላሳ ነው። ያለ እሱ ህንፃው አይቆምም እንዳልል፣ ሳይመረመርም የቆመ ስንት ህንፃ አለ። የወደቀም አለ። እንዲህ እያሰብኩ ሾርባው አረረ።

ኤፕሪል 17

ለቱማር ደወልኩ። ደህና ነኝ አለች። እግርሽን ያምሻል ወይ አልኳት። ደህና ነው። ምግብስ? ደህና። ልጅ ሆና በትኩሳት እየነደደች "ደህና ነኝ" የምትል ልጅ ነበረች፤ ከእሷ ወሬ ማውጣት ከድንጋይ ውሃ መጭመቅ ነው።

ከኋላዋ የአማቷ የሱዩምካን ድምፅ ይሰማል። ሁለታችን "ቁዳጊ" እየተባባልን ነው የምንጠራራው፣ ልጆቻቸው የተጋቡ እናቶች እንደሚባባሉት። በአውቶቡሱ ሹፌር እጅ ቅቤ ልካልኛለች። እኔም ሻይና ስኳር እልካለሁ። እንዲህ ስንላላክ ሁለት ዓመታችን ነው፤ ክፉ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም፤ ደግ ቃልም ቢሆን ያን ያህል የለም።

ታሽ-ቡላክ ከተራራው ወዲያ ነው፤ መተላለፊያው ኖቬምበር ላይ በበረዶ ይዘጋል። ባለፈው ክረምት አንዲት የመንደሩ ሴት በረዶው መሀል መኪና ውስጥ ወለደች፤ ሕፃኑ አልተረፈም። የቱማር ጎረቤት ናት። ይህን የምጽፈው የሰነዱ "የፕሮጀክቱ አስፈላጊነት" የሚለው ክፍል ስለሚጠይቅ ነው።

ኤፕሪል 25

ግምቱ አለቀ። ለስላሳው ዘጠኝ በመቶ ከምናምን። ተላከ። ወገቤ።

ሜይ 4

ትንሿን ክፍል ቀለም ቀባኋት። ከኩሽናው የተረፈ ቀለም ነበረ፤ ቢቀመጥ ይደርቃል።

ሜይ 13

ከታሽ-ቡላክ ደብዳቤ መጣ። መንደሩ ተሰብስቦ ቁፋሮውንም ግንቡንም ጣሪያ ማልበሱንም በደቦ እንሠራለን ብሏል። ደስ አለኝ፣ እውነቱን ለመናገር። የጉልበቱን ዋጋ በሙሉ ከግምቱ አወጣሁት። ጠቅላላው ዋጋ እንዴት እንደወረደ! ፈንዱ ያመሰግነናል ብዬ በራሴ እጅ አሽጌ ላክሁት።

ሜይ 22

ተመለሰ። ለስላሳው አሥራ ሦስት በመቶ ሆኗል ተባልን።

ምን ነካኝ? ለስላሳው ላይ አንዲት ሶም አልጨመርኩም። ጠቅላላው ስላነሰ ነው ድርሻው ያበጠው። መንደሩ በነፃ እሠራለሁ ባለ፣ ወረቀት ላይ አባካኝ ሆኖ ቁጭ አለ። ይህን ተማሪ እንኳ አይስተውም። ደቦ ሲሰማ ደስ ብሎት ሂሳቡን የሚረሳ ሰው ከዚህ አገር ሌላ የትም ያለ አይመስለኝም። ኡላንቤክ ሊያጽናናኝ ፈልጎ፣ ሰዎቹ ባይተባበሩ ኖሮ ይሻላቸው እንደነበር ነገረኝ።

ሜይ 23

የፈንዱ ሴትዮ በስልክ። ጨዋ ናት። ሁለት መንገድ አለ አለች። አንደኛው፣ የደቦውን ጉልበት በገበያ ዋጋ ተምነን የመንደሩ መዋጮ ብለን መጻፍ። ማንም አይከፍልም፣ ማንም አይቀበልም፤ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ ለስላሳውን መቁረጥ።

ኡላንቤክ ሁለተኛው ይቀላል ባይ ነው። የአፈር ምርመራው ይውጣ አለ፤ ጎኑ ያለው ትምህርት ቤት ዕድሜ ልኩን ቆሞ የለ? ክፉ ልጅ አይደለም፣ ሥራ እንዳያመልጠን ፈርቶ ነው። ቀጥሎ ለደቦው የሚታረደው በግ በየትኛው ዓምድ እንደሚገባ ጠየቀኝና መልሴን ሳይጠብቅ፣ ሥጋው ጠንካራ፣ ላቱ ለስላሳ ይሁን ብሎ ፈረደ። ሳቅሁ። ስቄ ስጨርስ ትምህርት ቤቱ ዳገቱ ላይ መሆኑን፣ ኬላው የታሰበው ግን ታች ምንጩ አጠገብ መሆኑን ነገርኩት። መሬቱ ሳይመረመር መሠረት አላስቆፍርም አልኩት። ፊቱን አጠቆረ። መጀመሪያ የመንደሩን ሰዎች ላነጋግር ብዬ ተለያየን።

ሜይ 31፣ ታሽ-ቡላክ

ትናንት መጥቼ እዚሁ ሱዩምካን ቤት አደርኩ። ዛሬ ስብሰባው ነበር። የመንደሩ ሽማግሌ ሳቢርኩል አታ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ነገሩን አስረዳሁ፤ የእያንዳንዱ ሰው የሥራ ቀን በወረቀት ላይ ብቻ ዋጋ ይጻፍለታል፣ ሌላ ምንም የለውም አልኩ።

"ለእኔ ስንት ትጽፊልኛለሽ?" አሉ ሽማግሌው። "ከተቀመጥኩ አልነሳም፤ ከተነሳሁም ለመቀመጥ ነው።"

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፤ አለቀልኝ ብዬ ነበር። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ።

"ልጄ፣ ቦዩን ስንቆፍር አንድ የተማረ ሰው መጥቶ እንዲሁ የያንዳንዳችንን ቀን በዋጋ ጻፈው። ክፋት አልነበረበትም። በማግሥቱ ግን ሁሉም የጎረቤቱን ቀን መቁጠር ጀመረ። ታማ አልጋ ላይ የነበረችው እህቴ ቤት ሳይቀር ሄደው 'ያንቺ ድርሻ ይቀራል' አሏት። ቦዩ አለቀ፣ ውሃውም ወረደ፤ እኛ ግን ስንት ጊዜ ሰርግ ሳንጠራራ ቀረን። ለድንጋዩ ዋጋ ጻፊ፣ ለበጉም ጻፊ። ደቦውን ተይልን።"

ወረቀት ብቻ ነው አልኩ ደግሜ።

"የያኔውም ወረቀት ነበር" አሉ።

ማንም አልተቆጣም። ሻይ ቀዱልኝ። እኔ ግን ተናደድኩ፣ ምክንያቱም ልክ ናቸው፣ ልክ መሆናቸው ደግሞ አይጠቅመኝም።

ማታ ሱዩምካን ምርጡን ሥጋ ከፊቴ አደረገችው። ቱማርን ቁጭ በይ አለቻት፤ ሳህኑን ራሷ አነሳች። ቱማር ፊቷ ሞላ ብሏል፣ አምሮባታል። ስትወጣ ሱዩምካን ሻዬን እየቀዳች "የናሪን ሆስፒታል ጥሩ ነው ይላሉ" አለችኝ። ጥሩ ነው፣ ሰው ይበዛዋል እንጂ አልኳት። ቤትሽ ለሆስፒታሉ ቅርብ ነው አይደል አለች። በእግር የሚደረስ ነው አልኩ። ስለ ሆስፒታሉ ምን እንዳሳሰባት አልገባኝም፤ ጤነኛ ሴት ናት።

እዚህ አገር ምራት የምትወልደው በባሏ ቤት ነው። እናትየው ልውሰዳት ብትል፣ አላመነቻቸውም፣ ናቀቻቸው ይባላል። አማትየዋ ብትልካት፣ ነፍሰ ጡር ከቤት አስወጣች ይባላል። ስለዚህ የሚጠየቅ ነገር አይደለም። እኔም አልጠይቅም። ኬላው ኦክቶበር ላይ ካለቀ ጥያቄው ራሱ አይኖርም።

ጁን 3

ቀኑን ሙሉ ለስላሳውን ዓምድ ሳገላብጥ ዋልኩ። ፈቃድ አይወጣም። መድን አይወጣም። ንድፉ የቢሮው ገቢ ነው። የአፈር ምርመራውን እኔ አላስነካም። የቀሩት ቁጥጥርና ግምት ናቸው። ግምቱ የእኔ ነው። የቁጥጥር ፈቃድም ከዱሮው አለኝ፣ በየዓመቱ አሳድሰዋለሁ፤ የዛሬዎቹ ተቆጣጣሪዎች ስህተት ሲያስቀኝ ለመናገር እንዲመቸኝ።

ሁለቱን ብሰርዛቸው ለስላሳው ከአሥር በታች ይገባል። ሥራውን ግን አንድ ሰው መሥራት አለበት።

ጁን 4

ለኡላንቤክ ነገርኩት። ቁጥጥሩንም ግምቱንም እኔ ያለ ክፍያ እሠራለሁ፣ ከዓመት ፈቃዴ ቀንስልኝ አልኩት።

"ኤጄ፣ ለእርስዎ ምን ይቀራል?"

"እኔም ደቦ ወጣሁ በል።"

ትንሽ አሰበና፣ በፈገግታ፣ የእርስዎን ቀን በገበያ ዋጋ ልጻፈው አለኝ። ብትጽፈው አልሄድም አልኩት። ብዕሩን አንስቶ ፈረመልኝ።

ሌላ ሰው ይህን ቢያደርግ፣ ዘመድ ስላለው ነው እል ነበር። ሳልልም አልቀርም። ይልቅ ሱቅ ውስጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በርካሽ አግኝቼ ገዛሁ። ትንሿ ክፍል ትበርዳለች። ፋይሎች ናቸው ያሉባት፤ ወረቀት ደግሞ እርጥበት አይወድም።

ጁን 19

ፀደቀ። ለጥቂት ከአሥር በታች። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ጁላይ 9

መሬቱ ተበሳ። መሰርሰሪያው ገና ምኑም ሳይገባ ጭቃ ይዞ ወጣ። ቀጥሎ ውሃ። ባለመሰርሰሪያው ዞር ብሎ አየኝ፣ እኔም አየሁት፤ ማብራራት አላስፈለገውም።

እዚያ ቦታ ኬላ ቢቆም አንዱ ጥግ ይሰምጥ ነበር። ዳገቱ ላይ ትምህርት ቤቱ አጠገብ መዛወር አለበት። ይህ ማለት አዲስ የመሠረት ንድፍ፣ አዲስ ምርመራ፣ አዲስ ፈቃድ። ወጪውን መጠባበቂያው ይሸፍነዋል፤ ጊዜውን ግን የሚሸፍን የለም። ምንጩ ዳር ተቀምጬ ወራቱን ወደ ኋላ ቆጠርኩ፤ ብርድ ሲገባ አርማታ አይፈስም። ዘንድሮ ግንቡ ይቆማል፤ ጣሪያው ለጸደይ ነው።

ኡላንቤክን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ አሁን መሠረት እያፈሰስን ነበር። ኦክቶበር ላይ ቆርቆሮው ይለብስ ነበር። ቱማርም እዚያ ትወልድ ነበር፤ ጥጉ የሚሰምጠው ከዓመታት በኋላ ነው፣ ያውም ከሰመጠ። ልክ ሠርቻለሁ። ልክ ስለሠራሁ ልጄ ወደ በረዶው ገባች። አዘንኩ፣ ተናደድኩም፤ በማን እንደሆነ አላውቅም።

ለቱማር እኔው ነገርኳት። "ደህና ነው፣ እማ" አለች። ከዚያ ወደ በሩ ዞረች፣ ከብቶቹ ስለመጡ።

ኦገስት 21

ደቦው ተጀመረ። አጭር እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም እጄ አርማታ ነክቶ ተሰነጣጥቋል። ሰው እንደ ጉንዳን ነው። ወንዶቹ ይቆፍራሉ፣ ሴቶቹ ቦርሶክ የሚባለውን የዘይት ዳቦ ይጠብሳሉ፣ ሳቢርኩል አታ ተቀምጠው ሁሉንም ያዝዛሉ። የሆነ ሰው ስለ ሁለቱ ዓምድ ነግሯቸው ኖሮ "ለስላሳዋ" የሚል ስም አወጡልኝ። ብቅ ስል "ለስላሳዋ መጣች፣ ፌሮውን አስተካክሉ" ይባባላሉ። አንዱን ማዕዘን ሁለት ጊዜ አስፈረስኩ። ሁለተኛው ላይ ማንም አልሳቀም።

ሴፕቴምበር 6

ግንቡ ወገብ ደረሰ። ቱማር ምሳ ይዛ መጣች። ከባድ እቃ ተሸክማ አየኋት፤ ልናገራት ብዬ ሱዩምካን ቀደመችኝ፣ ቀምታት ራሷ ተሸከመችው። ጥሩ ሴት ናት። ይህን አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም።

ሴፕቴምበር 14

ለመሥራት ሁሉ ነገር አለ፣ ጊዜ ብቻ የለም። ኡላንቤክ ደውሎ፣ ኦክቶበር ላይ ቱማርን ለምን ወደ ከተማ እንደማላመጣት ጠየቀኝ። ለካ ሁሉንም ያውቅ ነበር። አይገባህም አልኩት። የትውልድ መንደሩ ከዚህ ሁለት ሸለቆ ወዲያ ነው፤ ለእሱ ያልገባው ለማን ይገባል።

ሴፕቴምበር 27

ዛሬ የዘንድሮው ሥራ አለቀ። ግንቡ ጣሪያ ጠባቂ ሆኖ ቆሟል፤ በላስቲክ ሸፍነነዋል። ሰው እየተመራረቀ ተበተነ። ሱዩምካን ከተረፈው ብሎኬት ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ሰማዩ ጠርቶ ነበር፣ ከላይ ያለው ጫፍ ነጭ ለብሷል።

"ቁዳጊ" አለችኝ፣ ግንቡን እያየች፣ "ከጸደይ ጀምሮ እንድትጠይቂኝ እየጠበቅኩ ነው።"

ምኑን አላልኳትም። ዕድሜ ገፍቶ ማስመሰል ደክሞኛል። ብጠይቅሽ፣ ምራታቸውን ወሰደችባቸው ይሉኝ ነበር አልኳት።

"እኔስ ብልካት? ነፍሰ ጡር አባረረች አይሉኝም? ስለ ሆስፒታሉ ያን ቀን ሳወራሽ፣ ሰው ይበዛዋል ብለሽ ዘጋሽብኝ። ኮራችብኝ ብዬ ሌሊቱን አልተኛሁም።"

"እኔ ደግሞ ምን ሆና ነው ሆስፒታል የምታነሳው ብዬ ነበር።"

ቀና ብላ አየችኝ። አልቅሼ ነበር መሰለኝ፣ ምክንያቱም የራስ ሻሿን ጫፍ ሰጠችኝ። እውነቱን ልጻፍ፦ ገብቶኝ ነበር። ያኔውኑ ገብቶኝ ነበር። ኬላ መሥራት ይቀልለኝ ነበር እንጂ።

"እንግዲህ ሰው አፉን እንዲይዝ አንድ መንገድ አለ" አለች። "እኔም አብሬ እመጣለሁ። አማት ከምራቷ ጋር ከተማ ሄዳ ብትከርም ማን ምን ይላል? ቤትሽ ሁለት ሰው ያሳድራል?"

ያሳድራል አልኳት።

ኦክቶበር 19

ገቡ። ሦስት ጆንያ ድንች፣ አንድ ባልዲ ቅቤ፣ ግማሽ በግ። የቱማር ባል አውርዶ፣ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ፣ ከብቱን እንዲጠብቅለት የለመነውን ሰው አስቦ ተመለሰ። ቱማር የትንሿን ክፍል ግድግዳ በእጇ ነካ ነካ አድርጋ ተኛች፤ እስከ ማታ አልነቃችም።

ኖቬምበር 2

ሱዩምካን ሻዬ ውሃ ነው ትላለች። እኔ ደግሞ እሷ ስታንኮራፋ የጎረቤት ውሻ እንደሚጮህ ነግሬያታለሁ። ቱማር በሁለታችን መሀል ተቀምጣ ትስቃለች። ትናንት እግሬን አመመኝ አለች፣ በራሷ አፍ፣ ሳትጠየቅ። ሁለታችንም ተሽቀዳድመን ተነሳን።

ኖቬምበር 12

ኡላንቤክ የሚቀጥለውን ግምት ላከልኝ፤ የመንገድ ድልድይ ነው። ነገ አየዋለሁ አልኩት። ሱዩምካን በመስኮቱ ወደ ተራራው ስታይ ቆየችና መጋረጃውን መለሰችው።

መተላለፊያው ትናንት በበረዶ ተዘጋ። አራታችንም ከወዲህ ነን፣ ገና ያልተወለደውም።